የዳሞት የካቲት

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ በጎጃም፣ ዳሞት ያለውን የቡሬን ምሽግ ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ያስለቀቀው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት «የጌዴዎን ጦር» ከ2 ሺህ ሰው አይበልጥም ነበር። ናታሌ በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት፣ መድፍና አውሮፕላን ነበረው። ግን ሌሊት ከጨለማው ውስጥ በአማርኛ የሚለፈፈውን የድምፅ ማጉያ ጥሪ የሰማ ወታደሩ እየከዳ ይወጣበት ነበር፤ ገጠሩንም አርበኛው ለዓመታት ይዞበታል።

በማግስቱ ሳይሆን በሠልስቱ፣ የካቲት 27፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ደምበጫ ሳይደርስ ከአንድ ወንዝ ዳር የሰፈረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ላይ ወደቀበት። ሻለቃው ኬንያ ከተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የተመለመለ ነው። ጥቂት መቶ ሰዎች በብረት ለበስ መኪና ለሚታጀብ ጦር መንገዱን አንለቅም አሉ። ጣሊያን በብዛቱ ጥሶ አለፈ፤ ሻለቃው በሞትም በቁስልም ተጎዳ። ለእኔ የዚያ ዘመቻ ትልቁ የጀግንነት ቀን ይህ ነው።

የድል በዓላችን ግን ሚያዝያ 27 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን። ከተማዋ የተለቀቀችው መጋቢት 28 ሲሆን፣ ጃንሆይ በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገብተው ነበር። ሚያዝያ 27 የተመረጠው ጣሊያን ከ5 ዓመት በፊት በዚያው ቀን አዲስ አበባን ስለያዘ ነው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ ኢሕአዴግ መለሰው። ሦስቱም መንግሥታት የተነጋገሩት ስለ ዋና ከተማዋ ነው። ናታሌ ባፈገፈገበት ጎዳና ላይ ያለችው ወጀትም ፍኖተ ሰላም የተባለችው ለጃንሆይ መመለሻ መታሰቢያ ነው። ዊንጌት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ተሰየመለት።

አርበኛው ጨርሶ አልተረሳም። የአርበኝነት ሜዳይ ተሰጠው፤ ሪባኑ ላይም ለታገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዘንባባ ይታከላል። ስደተኛውም የራሱ ሜዳይ ነበረው። ሹመቱን አርበኛው ወይስ ስደተኛው ወሰደው ሲባል ነው ነገሩ የሚከርረው።

የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተባለ፤ በ1937 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። የቡሬው አርበኛ ነጋሽ በዛብህ በ1933 መጀመሪያ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ አሸማጋይነት ከሌላው የጎጃም አርበኛ ከመንገሻ ጀምበሬ ጋር ተስማምቶ ጠላትን ለመውጋት የፈረመ ነው። ከድል በኋላ ቢትወደድና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከድሉ 10 ዓመት ገደማ በኋላ ግን በሤራ ተከሶ ታሰረ። ሙት ጀግና ለመንግሥት ይመቻል፤ ሕያው ጀግና ድርሻዬስ ብሎ ይጠይቃል።

የጎጃም ገበሬም በ1960 ዓ.ም. ጠይቋል። አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ ሸፈተ። አርበኛውን ከጎተራው ያበላውን ይህን ገበሬ የመንግሥት አውሮፕላን ደበደበው። በመጨረሻ የጎጃም እንደራሴ ጸሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረለት።