ካርቱን ሁሉ ለሕፃን ይሆናልን?

ክረምት ሲገባ ወደ መልካሳ፣ ወደ ወንጂና ወደ መቂ የምንመለስ ተማሪዎች ከመጽሐፋችን ጋር ስልካችንንና ፍላሻችንን ይዘን እንደምንገባ የታወቀ ነው። ታናናሾቻችን ካርቱን እንድንከፍትላቸው ይጠይቁናል፤ ወላጆቻችንም «ለሕፃን ይሆናል ወይ?» ብለው በመልሳችን ይተማመናሉ። እንግዲህ ፍርዱ በእኛ ላይ ከወደቀ፣ በምን መመዘን እንዳለብን ማወቅ ይገባናል።

ብዙ ሰው «ሥዕል እስከ ሆነ ድረስ ለልጅ ነው» ይላል። ነገር ግን የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ዋይት» እ.ኤ.አ. በ1937 ወጥቶ በተከታዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ሲደርስ፣ የዚያ አገር ሳንሱር ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳያየው ወስኖ ነበር። ጠንቋይዋና ጨለማው ጫካ ሥዕል ስለ ሆኑ ማስፈራታቸው አልቀረም።

በእርግጥ ፍርሃት ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ያማርኛው ተረት አያ ጅቦ፣ የኦሮምኛውም ተረት ሰው በላው ቡልጉ አለው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ ተረት የሚሰማ ልጅ አውሬውን የሚሥለው በገዛ አሳቡ፣ በሚችለው መጠን ነው። ተራኪዋ አያትም የልጁን ፊት እያየች ታሳጥራለች፣ ታለዝባለች። ፊልም ግን አውሬውን ሠርቶ፣ ሙዚቃና ጩኸት ጨምሮ ያመጣዋል፤ የልጁንም ፊት አያይም።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጆአን ካንተር እንዳስረዳችው ትንንሽ ልጆች የሚፈሩት በዐይናቸው የሚያዩትን መልክ ሲሆን፣ ከፍ ያሉት ግን የነገሩን ትርጉም ይፈራሉ። «ሐልክ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ደግ ሰው አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር ሆኖ ሌሎችን ያድናል፤ ትልልቆቹ ልጆች ደግነቱን ሲረዱ፣ ትንንሾቹ ግን መልኩ ሲለወጥ ይሸበሩ ነበር። ለእነዚህ «የውሸት ነው» ማለት ብዙም አይጠቅምም፤ አቅፎ መያዝና ማጥፋት ይሻላል።

ሦስተኛው፣ በእኛ አገር ከሁሉ የሚብሰው፣ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ላየን ኪንግ» የደቦሉ ሲምባ አባት በመንጋ ተረግጦ ይሞታል፤ አጎቱም ጥፋቱን በልጁ ላይ ይጭናል። ሲምባ ይህ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀው በመጨረሻ፣ በንግግር ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሕፃን የአባትን ሞት በዐይኑ ያያል፤ መጽናኛው ግን አይደርሰውም። ቁስሉን ወስዶ መድኃኒቱን ይተዋል ማለት ነው።

የአሜሪካ የፊልም ማኅበር ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፊልሞች ላይ የሚያደርገው ምልክት አለ። «ጂ» ለሁሉ የተፈቀደ፣ «ፒጂ» ወላጅ ይምከርበት ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ላየን ኪንግ» ራሱ «ጂ» ነው። ከዚህም ሌላ የሕዝብ ልማድ ይለያያል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሚሼል ኦስሎ «ኪሪኩ» የምዕራብ አፍሪካን ተረት የተከተለ ግሩም ፊልም ሲሆን፣ ሴቶቹ እንደ ጥንቱ ልማድ ደረታቸው ሳይሸፈን በመሣላቸው በአንዳንድ አገሮች ለማከፋፈል አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ምልክቱ ይረዳል እንጂ በእኛ ፈንታ አይፈርድም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ፊልሙን አስቀድመን ለብቻችን እንየው። ሁለተኛ፣ ባንድ ክፍል የሦስት፣ የስምንትና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ከተቀመጡ ሚዛኑ የትንሹ ይሁን፤ ለትልቁ የሚሆነው ትንሹ ሲተኛ ይታይ። ሦስተኛ፣ አብረን ተቀምጠን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ እናስረዳ። አራተኛ፣ ፈርቶ ፊቱን ለሚሸፍን ልጅ «ወንድ አይፈራም» ብለን አንሳቅበት፤ እናቁምለት። አምስተኛ፣ በመሐል ያቆምነው ፊልም ከመልካም ፍጻሜው ይልቅ ክፉው ብቻ በልጁ አእምሮ እንዳይቀር፣ መጨረሻውን በቃል እንንገረው።

ካርቱን ይከልከል ማለታችን አይደለም። ምናብ ለልጅ እንደ ምግብ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለአርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ፣ ልጆችን በፊታቸው እንዳሉ አድርገው ለዛ ባለው አንደበት ያነጋግሩ ነበር። ማሽኑ ይህን ሊያደርግ አይችልም። የተማርን ነን የምንል ግን በሕፃኑና በማሽኑ መካከል ተቀምጠን ልናደርገው እንችላለን።