በስሜ የመጣ ሌባ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ነገር ለብዙ ወገኖቼ ትምህርት ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ፣ ከአንባቢያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ ጥቂት ስፍራ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በወላይታ ሶዶ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። የምጽፈውም ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ራስን በጋዜጣ መክሰስ ደስ አያሰኝም፤ ዳሩ ግን እኔ አፍሬ ዝም ብል የሚጠቀመው ሌባው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች የመልመጃ ወረቀት በቤቴ ኮምፒውተር አዘጋጅ ነበር። የኤሌክትሪክ መሥመርና የሌንስ ሥዕል አሳምሮ የሚሥል አንድ ፕሮግራም አስፈለገኝ። ዋጋው በዶላር የሚከፈል ስለ ሆነ በመምህር ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። አንድ የቴሌግራም ቻናል ግን ያንኑ ፕሮግራም ቍልፉን ሰብሮ፣ በተለምዶ «ክራክ» የምንለውን፣ በነጻ ሲያድል አገኘሁና አወረድሁት። ፋይሉ በይለፍ ቃል የታሸገ ነበር፤ ከጐኑም «ከመክፈትህ በፊት ጸረ ቫይረስህን አጥፋ» የሚል መመሪያ ተጽፎለታል። እኔም፣ ተማሪ ሁሉ «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ የማስተምር ሰው፣ ለምን ሳልል አጠፋሁት። ዘበኛውን አሰናብቼ በሩን ለሌባ የከፈትሁት በገዛ እጄ ነው።

ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሥዕሉንም ሣልሁ፤ ደስም አለኝ። በአራተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ከቦዲቲ ደወለችና «ጋሼ፣ ተሻለህ ወይ?» አለችኝ። «ከምኑ?» አልኋት። እርስዋም ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሁለታችንም አንድ ክፉ ነገር እንደ ደረሰ ዐወቅን።

ለካ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ማታ ከእኔው ቴሌግራም፣ ፎቶግራፌ ካለበት፣ ከዚህ ቀደም ከተጻጻፍነው ደብዳቤ ሥር «በድንገት ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፤ ስልኬ አይሰማም፣ አትደውሉ፤ ለአክስቴ ንገሪልኝና 18,000 ብር በዚህ ቍጥር ይላኩልኝ፤ ሰኞ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ደርሷት ኖሯል። ሌባው የቀድሞውን ጽሑፋችንን አንብቦ ስለ ነበር እኔ በቤት የምጠራትን ስም እንኳ ሳይሳሳት ጽፎታል።

አክስቴ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። በእኛ አገር ለጊፋታ በዓል ጎረቤት ከጎረቤት ማኅበር ገብቶ ዓመቱን ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ፣ በመስከረም በሬ ገዝቶ ሥጋውን መካፈል የቆየ ልማድ ነው። የዐሥራ ሁለት ቤተ ሰቦች ገንዘብ ያዥ አክስቴ ነበሩ። ገንዘቡም እንደ ዱሮው በሣጥን ሳይሆን በስልካቸው ላይ ነበር፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገበያተኛው ሁሉ እንዲህ ማድረጉ እየበዛ ሄዷል። እንግዲህ የላኩት ከዚያው ላይ ነው።

ወዲያው ለፖሊስ አመለከትሁ፤ ገንዘቡ ግን በገባበት ሰዓት ወጥቶ ሄዷል። ቦዲቲ ሄጄ ከእግራቸው ሥር ስቀመጥ አክስቴ አልተቈጡኝም። «ልጄ፣ ስምህን አየሁ፤ ስምህን ካየሁ በኋላ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ብቻ አሉኝ። ከመምህራን የቁጠባና የብድር ማኅበር ተበድሬ ገንዘቡን ከበዓሉ በፊት ተካሁት፤ በሬውም ታረደ። አክስቴ ግን ከበዓሉ በኋላ «ዐይኔ ደከመ» ብለው ገንዘብ ያዥነቱን ለሌላ ሰው አስረከቡ። ዐይናቸው እንዳልደከመ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። 18,000 ብሩ ተመልሷል፤ ይህ ግን አልተመለሰም።

እንደዚሁ ያለ መልእክት ለሦስት የሥራ ባልደረቦቼም ደርሷቸው ነበር። ከእነርሱ አንዱ «አትደውሉ» የሚለው ቃል አላማረውም፤ ስለዚህ ወደ ባለቤቴ ስልክ ደወለ። ገንዘቡም ዳነ። በአንድ ደቂቃ ጥያቄና በ18,000 ብር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

አሁን ከዐዋቂዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ልግለጽ። ይህ ዓይነቱ ተንኰለኛ ፕሮግራም እንደ ዱሮው ቫይረስ ኮምፒውተሩን አያንቀረፍፍም፤ አያጮኽም። ዝም ብሎ ገብቶ፣ በኢንተርኔት መክፈቻው ውስጥ ያስቀመጥነውን የይለፍ ቃል ሁሉ፣ «ይህ ሰው አስቀድሞ ገብቷል» የሚያሰኘውን ምልክት፣ ደግሞም በኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ቴሌግራም ጠቅልሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለላኪው ያስረክባል። በዚህም ምክንያት ሌባው በስልኬ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቍጥር መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። ፋይሉ በይለፍ ቃል የታሸገውም ጸረ ቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ተማርሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በእኛ ከተማ ግን ትልቁ የበሽታ መንገድ ክራክ ብቻ አይደለም፤ ፍላሽ ነው። ከሶዶ እስከ አረካ፣ ከቦዲቲ እስከ ገሱባ፣ ተማሪው የቤት ሥራውን፣ ሠራተኛው ማመልከቻውን በፍላሽ ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። በአንድ ቀን መቶ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር፣ መቶ ሰው በአንድ ኩባያ እንደሚጠጣበት ቤት ነው። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ፍላሹን ሲከፍት ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምስሎች ያገኛል። ያን ምስል የነካ እንደ ሆነ በሽታው ወደ ቤቱ ኮምፒውተር ይገባል። አብዛኛው ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ደንግጦ ፍላሹን ያጠፋዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ተደብቆ እዚያው አለ። ምስሉን ሳይነኩ በጸረ ቫይረስ መርምሮ፣ ከዚያም የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን በመምረጥ ጽሑፉን ብቻ አውጥቶ መገልበጥ ይቻላል።

በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር አንዲት መምህርት በየጥዋቱ በበሩ ቆመው እጃችንን ገልብጠው ጥፍራችንን ይመለከቱ ነበር። እጁ ያደፈ ልጅ ታጥቦ ይገባል እንጂ አይባረርም። ለፍላሻችንም የሚያሻው እንዲህ ያለ የበር ላይ ምርመራ ነው።

ከፎቶ ኮፒ ቤት ሌላም ነገር ትተን እንሄዳለን። የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ሲሞላ በኖረባቸው ዓመታት ስንቱ ሰው የመላ ቤተ ሰቡን ስም፣ የልደት ቀንና ፎቶግራፍ በማያውቀው ኮምፒውተር ላይ ትቶ ወጥቷል! ዛሬም የፋይዳ መታወቂያችን፣ የትምህርት ማስረጃችንና የባንክ ደብተራችን ቅጂ እንደዚሁ ተዘርግቶ ይቀራል። ፋይዳ የዐሥሩ ጣቶቻችን አሻራ፣ የዐይናችንና የፊታችን ምስል የተያዘበት መታወቂያ ነው። ቅጂው በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ በስማችን ለመታመን ለሚሻ ሁሉ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ «ፋይሌን ከኮምፒውተሩ፣ ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር አጥፋልኝ» ብሎ ቆሞ ማየት ነውር አይደለም። የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችም ይህን ሳይጠየቁ ቢያደርጉ ደንበኛቸው ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

አንዳንድ ሰው «እኔ ድኻ ነኝ፤ ኮምፒውተሬን ማን ይፈልገዋል?» ይላል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን እየቈለፈ ለእያንዳንዱ 300 ዶላር ሲጠይቅ፣ ሀብታምና ድኻ አልለየም። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች እንኳ የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ማይክሮሶፍት ኩባንያ የቀዳዳውን መድፈኛ በመጋቢት ወር፣ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በነጻ አውጥቶ ነበር። የተጐዱት መድፈኛውን ያልጫኑት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ቃል ኮምፒውተርም ያውቀዋል።

እንግዲህ አቅማችን የሚፈቅደው መከላከያ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የኮምፒውተሩን እድሳት አለማዘግየት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ያልቅብኛል ብሎ እድሳቱን የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የዘወትር ነጻ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ማሽኑ የሚችል ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ቢያሻግረው ይበጃል።

ሁለተኛ፣ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣውን ጸረ ቫይረስ አለማጥፋት ነው። አጥፋው የሚል ፕሮግራም ሁሉ ጠላት ነው ብላችሁ ያዙ። ለሥዕልም ሆነ ለጽሕፈት፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነጻ የፈቀዱአቸው ጥሩ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔም ዛሬ የምሥለው በዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ለኢሜይል፣ ለባንክና ለቴሌግራም የተለያየ የይለፍ ቃል መያዝ፣ በቴሌግራምም ሆነ በኢሜይል ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማድረግ ነው። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቍጥር «ሽልማት ደርሶሃል»፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ለሚል ሰው ፈጽሞ አለመንገር ነው። የሚያጠራጥር ነገር ሲኖር ስልኩን ዘግቶ ራስ ወደ ታወቀው ቍጥር፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951፣ መደወል ይገባል።

አራተኛ፣ ዋና ዋና ጽሑፎችን በሌላ ፍላሽ ወይም ዲስክ ገልብጦ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። ተሰክቶ የዋለ መጠባበቂያ ከዋናው ጋር አብሮ ይታመማል።

አምስተኛ፣ አንድ ጊዜ ከተጠቃን የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻ አይበቃም። ከስልካችን ቴሌግራም ገብተን የተከፈቱትን መሣሪያዎች ዝርዝር አይቶ ሌላውን ሁሉ መዝጋት፣ የይለፍ ቃሎቹን ከንጹሕ መሣሪያ መለወጥ፣ ኮምፒውተሩንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል።

ሕግም አለን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን፣ ማታለልንና በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሰውን ማንነት መስረቅን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን ዳታ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያዛል። ነገር ግን ሌባው ፊቱን ሳያሳይ ለሚሰርቅበት ወንጀል ሕጉ ብቻውን አጥር አይሆንም፤ የተበደለ ሰውም መልእክቱን ሳያጠፋ፣ ቍጥሩንና ሰዓቱን ይዞ ቶሎ ማመልከት አለበት።

በመጨረሻ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በየዓመቱ በጥቅምት የሳይበር ደኅንነት ወር ያከብራል። ትምህርቱ ግን በአማርኛና በአዳራሽ ብቻ እንዳይቀር፣ በወላይትኛ በገበያው፣ በእድሩና በጊፋታው ማኅበር ቢሰጥ መልካም ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን ያለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወራት በየወረዳው ቢዘዋወሩ ብዙ ሰው ያድናሉ። እኔም በክፍሌ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳልደብቅ ነግሬአቸዋለሁ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እርስዎ ለምን አልጠየቁም?» አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ ጥያቄው ግን ትክክል ስለ ነበር አመሰገንሁት።

በቤታችን ደግሞ አንድ ሕግ አውጥተናል። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከማንም ይምጣ፣ ከእኔም ቢሆን፣ ድምፅ ሳይሰማ ብር አይላክም። አክስቴ ይህን ስነግራቸው «ዘመድን መጠራጠር ነውር አይደለም ወይ?» አሉ። «አክስቴ፣ የሚጠረጥሩት ዘመድዎን ሳይሆን ስሙን የለበሰውን ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየእሑዱ ይደውሉልኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መምህር
ወላይታ ሶዶ