ካርዱን የያዘው ማን ነው?

«ጋሼ፣ ዋይፋዬ እምቢ አለኝ» አለ የእህቴ ልጅ፣ ዲላ ደርሼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ላይ ነው። ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ቤት መመላለስ ከጀመረ ሳምንት አልፎታል።

ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። መብራት ሄዶ ስለመጣ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ራውተሩን ነበር፤ ስልኬ ግን ወዲያው ተገናኘ። የላፕቶፑ የዋይፋይ ሬዲዮ ተዘግቶ እንደሆነም አየሁ፤ አልተዘጋም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የተገጠሙትን ካርዶች ከነድራይቨራቸው የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ።

ካርዱ ብሮድኮም 43142 ነው። ከሥሩ ሁለት ድራይቨሮች ተጽፈዋል፤ ቢሲኤምኤ እና ደብሊውኤል። በሥራ ላይ ያለው ግን ቢሲኤምኤ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ።

ሊኑክስ አንድን ካርድ በአንድ ጊዜ ለአንድ ድራይቨር ብቻ ይሰጣል፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንዳንድ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር ለቋል። ይህኛው ካርድ ግን በዚያ አይሠራም፤ የሚያሠራው ኩባንያው ኮዱን ዘግቶ የያዘው ደብሊውኤል ነው። ሌላ ካርድ መግዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ከባድ ነው፤ ያናድደኛልም። ቢሲኤምኤ ካርዱን ያውቀዋል፣ ይይዘዋል፤ ዋይፋዩን ማሠራት ግን አይችልም። ደብሊውኤል ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ኡቡንቱ ላይ ደብሊውኤል ሲጫን ቢሲኤምኤ እንዳይነሳ የሚያግድ ፋይል አብሮት ይመጣል። ከፈትኩት። በቢሲኤምኤ መስመር ፊት አንዲት የሀሽ ምልክት ቆማለች፤ መስመሩን ከሥራ ውጪ የምታደርገው እሷ ናት።

«ይቺን ማን ጨመራት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? አንዱ ቢያቅተው ሌላው ይይዛል ብዬ ነው።»

ቡናና እንሰት በአንድ ጥላ ሥር አብረው በሚበቅሉበት ጓሮ ላደገ ልጅ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

ምልክቷን አጠፋሁ። ሁለቱንም ድራይቨሮች አስወጥቼ ደብሊውኤልን ብቻ መለስኩ። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤት ራውተሮች ስም ተራ በተራ ብቅ አለ። ልጁ ሊነሳ ሲል ያዝኩት፤ ሲስተሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚያነበው የማስነሻ ፋይል ካልታደሰ ነገም ቢሲኤምኤ ሊቀድም ይችላል። አደስነው፣ ላፕቶፑን አጥፍተን አበራነው። ዋይፋዩ ራሱ ተገናኘ።

ጽሑፉን ላከ። ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።