ከዛፉ በፊት ጭቃው

ማንግሮቭ የባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ጨዋማ ውኃና ጭቃ ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ያለ ደን ጤነኛ መሆኑን እንድመረምር ስጠየቅ መጀመሪያ የማየው ጭቃውን ነው። ውኃው እስኪሸሽ ጠብቄ እገባና የሸርጣን ጉድጓድ እፈልጋለሁ። ሸርጣኖች የረገፈውን ቅጠል እየጎተቱ ጉድጓዳቸው ያስገባሉ፤ በቆፈሩት ቀዳዳም አየርና ውኃ ወደ ሥሩ ይዘልቃል። አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ሸርጣኖቹን ከተከለለ ቦታ ለቅመው ሲያወጡ በአፈሩ ውስጥ ሰልፋይድ የተባለው የድኝ ውሁድ ጨመረ፤ የደኑም እድገት ቀነሰ። ውጤቱ የታተመው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ብዙ ዘገባ ላይ ስለ ሸርጣን አንድ መስመር አላገኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሰው እየቆረጠ በሚተክለው ደን ላይ ነገሩ ይከብዳል። በማሌዥያ ፔራክ ግዛት የሚገኘው የማታንግ ደን 40 ሺህ ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በእቅድ ይተዳደራል። ዋናው ዛፍ ራይዞፎራ ነው። በ15ኛውና በ20ኛው ዓመት ገደማ ይሳሳል፣ የተቆረጠው ለምሰሶ ይሄዳል፤ 30 ዓመት ሲሞላው ተጨፍጭፎ ለከሰል ይውላል፣ ከዚያም ቦታው እንደገና ደን ይሆናል። በሌሎች ዳርቻዎች ስንቱ ማንግሮቭ ለሽሪምፕ ኩሬ ሲመነጠር ይህ ደን ከመቶ ዓመት በላይ ደን ሆኖ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን አረንጓዴነቱ ብቻውን አያሳምነኝም። የአገራችንን የባሕር ዛፍ ተክል ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከሩቅ ለምለም ነው፣ ሥሩ ሲገቡ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ መሬት ነው። እድሜው እኩል፣ ዝርያው አንድ የሆነ ማንግሮቭም በሳተላይት ምስል ላይ ከነባሩ ደን ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ የተቆረጠውን ቦታ እመለከታለሁ። ፈርን ወርሶታል? ችግኙን ሸርጣንና ዝንጀሮ ጨርሶታል? የሞተው ሥር ሲበሰብስ የጭቃው ከፍታ ዝቅ ብሏል? ባሕሩ እየጨመረ ጭቃው እየሰጠመ ከሄደ ችግኝ ማፍላት ብቻውን አያድነውም።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የራይዞፎራ ግንድ ውፍረት የሚለካው እንደ ሌላው ዛፍ በደረት ቁመት ሳይሆን፣ ከግንዱ ከሚወርዱት ደጋፊ ሥሮች ከላይኛው በላይ ነው። አንዱ ቡድን ከሥሩ በላይ፣ ሌላው በደረት ቁመት ከለካ፣ የዓመታት መረጃ ጎን ለጎን ቢቀመጥም አይነጻጸርም።

ማታንግ ውስጥ ሳይቆረጥ የተጠበቀ ነባር ደን አለ። የተተከለው ደን ምን እንደጎደለው የሚለየው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው። ማንግሮቭ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ያልተነካ ቦታ አስቀሩ። ማነጻጸሪያ በሌለበት የተጻፈ ዘገባ የእንጨት ቆጠራ ነው፤ የጤና ምርመራ ብዬ አልፈርምበትም።