ኬሚስቶችን የቆጠረው ኬሚስት

አልፍሬድ ሎትካ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የተመራማሪዎችን ምርት በቁጥር መዘነ። «ኬሚካል አብስትራክትስ» የተባለውን የኬሚስትሪ ጽሑፎች ማውጫ ይዞ፣ ከ1907 እስከ 1916 ካሳተሙት መካከል የቤተሰብ ስማቸው በኤ እና በቢ የሚጀምረውን ለይቶ ቆጠረ፤ 6,891 ሰዎች ሆኑ። ከእነዚህ 58 በመቶ ያህሉ በዚያ ሁሉ ዓመት ያሳተሙት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት ያሳተሙት፣ አንድ ካሳተሙት ሩብ ገደማ ናቸው፤ ሦስት ያሳተሙት ደግሞ አንድ ዘጠነኛ ገደማ። ስሌቱ ዛሬም «የሎትካ ሕግ» ይባላል።

ቆጣሪው ራሱ ኬሚስት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንጀራው የሕይወት መድን ድርጅት ውስጥ ነው። በ1910 በወረቀትና በእርሳስ ብቻ፣ የንጥረ ነገሮች መጠን ከፍ ዝቅ እያለ ቀስ በቀስ የሚረጋበትን ኬሚካዊ አፀግብሮት በቀመር አሳየ። በ1920 ደግሞ መዋዠቁ ሳይቆም የሚቀጥልበትን ቀመር ጻፈ። ቁልፉ ራሱን የሚያበዛ ንጥረ ነገር ነው፦ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይፈጠራል፣ ሌላው ደግሞ እሱን እየበላ ይበዛል። በንጥረ ነገሮቹ ቦታ ጥንቸልና ቀበሮ ቢገቡ ቀመሩ አይለወጥም። ጣሊያናዊው ቪቶ ቮልቴራም በ1926 በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። የሎትካ–ቮልቴራ እኩልታ ዛሬ ውስብስብ ሥርዓቶችን የሚያጠና ተማሪ በመጀመሪያ ከሚያገኛቸው አንዱ ነው።

እንግዲህ የዚህን ሰው ሥራ በምን እንመዝነው? በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አቀረበ። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ካሉት፣ አሥራ አንድ ጊዜ የተጠቀሱ አሥራ አንድ እስኪሞሉለት ድረስ ቁጥሩ አሥር ነው። ቀላል ስለሆነ ወዲያው ተስፋፋ። የሎትካን ጽሑፎች ግን የሚያነቧቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፦ ኬሚስቱ የ1920ውን፣ የሥነ ምህዳር ባለሙያው የ1925ቱን መጽሐፉን፣ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ አጥኚው የ1926ቱን። ሁሉንም በአንድ ቁጥር መጠቅለል ማን ምን እንዳገኘበት ይሸፍናል። በዚያ ላይ ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ያስተዋለው ነገር አለ፤ ሐሳብ የጋራ ዕውቀት ሲሆን ምንጩን መጥቀስ ይቀራል። እኩልታውን በየቀኑ የሚጠቀሙ፣ የሎትካን ጽሑፍ ግን በማጣቀሻቸው የማያስገቡ ብዙ ናቸው።

ለእኔ ከዚህም በላይ የሚከነክነኝ የቦሪስ ቤሉሶቭ ጉዳይ ነው። ይህ ሶቪየታዊ ኬሚስት ሲትሪክ አሲድ፣ ፖታሲየም ብሮሜትና ጥቂት የሴሪየም ጨው በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቀላቀለ። ፈሳሹ ቢጫ ሆነ፤ ቀለሙ ጠፋ፤ ተመልሶ ቢጫ ሆነ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ቀጠለ፤ ሎትካ በቀመር የጻፈው ዓይነት መዋዠቅ ብልቃጥ ውስጥ ታየ። ብልቃጡ ውስጥ ብሮማይድ ሲበዛ ራሱን የሚያፋጥነውን አፀግብሮት ይዘጋል። ሲያልቅ ያ አፀግብሮት በፍጥነት ይነሣና ሴሪየሙን ቢጫ ያደርገዋል። ቢጫው ሴሪየም በተራው ብሮማይድን መልሶ ያስለቅቃል፣ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። ቀለሙ ወደ ኋላ የሚመለስ ቢመስልም፣ ድብልቁ በጠቅላላው ወደ ሚዛን እያመራ ስለሆነ የተፈጥሮ ሕግ አልተጣሰም።

በ1951 ግኝቱን የላከበት ጆርናል «ይህ ሊሆን አይችልም» በሚል ምክንያት መለሰው። ቤሉሶቭ ተስፋ ቆረጠ። በመጨረሻ በ1959 በጨረር ሕክምና ላይ ባተኮረ የአጫጭር ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ ታተመለት፤ ኬሚስት ፈልጎ የማያየው ቦታ። በ1961 ሥራው ለወጣቱ አናቶሊ ዣቦቲንስኪ ተሰጠ፤ ሲትሪኩን በማሎኒክ አሲድ ተክቶ መዋዠቁን አረጋገጠ። በ1972 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ፊልድ፣ ኮሮሽና ኖይስ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አስረዱ። ቤሉሶቭና ዣቦቲንስኪ ከሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ጋር የሌኒን ሽልማት በ1980 ሲያገኙ፣ ቤሉሶቭ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ያ የ1959 ጽሑፍ ብቻውን ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ለኤች-ኢንዴክሱ የሚጨምርለት ከአንድ አይበልጥም። በ1951 ስለ ሥራው የሚወስን ኮሚቴ ቢቀመጥ ደግሞ የሚያየው ባዶ መዝገብ ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም የመምህራን የማዕረግ ዕድገት ከታተሙ ጽሑፎች ጋር የተሳሰረ ነው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው ዶራ የተባለው መግለጫ፣ ጽሑፍ የሚመዘነው በወጣበት ጆርናል ዝና ሳይሆን በይዘቱ እንዲሆን ይጠይቃል። በኬሚስትሪና በውስብስብ ሥርዓቶች መካከል ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመር እላለሁ፤ የጠቀሱት ከየትኛው ሙያ መጡ፣ ወስደውስ ምን ሠሩበት? ይህን ለመመለስ ገምጋሚው ቢያንስ የተመራማሪውን ሁለት ዋና ዋና ጽሑፎች ተቀምጦ ማንበብ አለበት።