የተሳለ ምላጭ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የአንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በተጎራበቱበት የመርካቶ ሰፈር ብዙዎች በእጅ ሙያ ይተዳደራሉ። ከነዚህ ሙያዎች አንዱ የጸጉር አስተካካይነት ስለሆነ፣ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት ስለ ምላጭ አሳሳል ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

ታጣፊ ምላጭ ሲሳል ጀርባውና ስለቱ በአንድነት ድንጋዩን ይነካሉ፤ ጀርባው ከተነሣ የስለቱ ማዕዘን ይበላሻል። ከሻካራው ድንጋይ ወደ ልስልሱ እየተሻገሩ፣ ስለቱን አስቀድሞ ሳይጫኑ መግፋትና ሁለቱን ገጽ እኩል ማመላለስ ይገባል። በመጨረሻ በቆዳ ሲወለወል ግን ጀርባው ይቀድማል፤ ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ራሱም ይደነዝዛል።

ነገር ግን ድንጋይ ስለትን ያወጣል እንጂ ደምን አያነጻም። በዓይን የማይታይ የደም ቅሪት የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ድንጋዩና ቆዳውም የአንዱን ቅሪት ለሌላው ምላጭ ሊያቀብሉ ይችላሉ። ስለዚህ በድንጋይ የሚሳል ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ብዙ ሰው በሚስተናገድበት ቤት ለእያንዳንዱ አዲስ ምላጭ ይከፈት። ወጣቶችን ይህን ሙያ የምታስተምር አጥቢያ ሁለቱን ትምህርቶች አትነጥል፤ ካህናትም ይህንኑ ለምእመናን ቢያሳስቡ ሕይወትን ይጠብቃሉ።