የእብድ ውሻ በሽታ፦ ከዱር ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ዱር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ውሻ ቤትና በረት ይጠብቃል፤ እረኛን ተከትሎም ወደ ደጋው ግጦሽ ይወጣል። እዚያ ከጅብና ከቀበሮ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ከአውሬ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ። የበሽታው መንገድ ግን ሁለት ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ በዓይን የማይታይ፣ በሕይወት ባለ አካል ውስጥ ብቻ የሚራባ ረቂቅ ተሐዋስ ነው። ብዙ ቫይረሶች ከጥቂት የእንስሳት ዝርያዎች አያልፉም፤ ይህኛው ግን አጥቢ እንስሳትንና ሰውን ሁሉ ሊይዝ ይችላል። በንክሻ ጊዜ ከለሃጭ ጋር ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ቫይረሱ ዘመዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ የተገኙ 115 ቫይረሶች ሲመረመሩ ሁለቱ ሞኮላና ሌጎስ ባት የተባሉ ዘመዶቹ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ግን የተለመደው የእብድ ውሻ ቫይረስ ናቸው። ስለዚህ ጥረታችን በውሻ ላይ ይሁን።

ውሻ በሽታውን ወደ ዱር እንደሚወስድ ባሌ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተነሣው በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ጉና ተራራም ቀይ ቀበሮ ይታይበት የነበረ ስፍራ ነው።

ከብትም ይታመማል። ላሟ ያለ ወትሮዋ ትጮኻለች፣ ለሃጭ ታዝረበርባለች፣ መዋጥ ያቅታታል፣ በመጨረሻም የኋላ እግሯ ይዝላል። ገበሬው አንቋት ነው ብሎ እጁን ወደ አፏ ከሰደደ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦

1. በየቀበሌው ያሉትን ውሾች መዝግቡ። ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።
2. የሞተ ከብት በሜዳ አይጣል፤ ውሻንና አውሬን በአንድ ቦታ ያገናኛልና በጥልቅ ይቀበር።
3. በተጠረጠረ ከብት አፍ ውስጥ እጅ አይግባ፤ ሥጋውም አይበላ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።
4. የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ውሻውን የከተበ ሰው ልጁን፣ ከብቱንና የዱር እንስሳውን አብሮ ጠበቀ።